አጥር የሌለው ማደሪያ፦ ከዳካታ እስከ ቁንዱዶ

ከድሬዳዋ የተነሣነው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው፤ ሁለት መኪና፣ አራት ድንኳን፣ ስምንት ሰው። ወሩ ጥር ስለሆነ ድሬም በጠዋቱ ቀዝቀዝ ብላለች። በደንገጎ ጠመዝማዛ ወጥቶ፣ ሐሮማያንና አወዳይን አልፎ ሐረር ለመድረስ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ አጭር ይምሰል እንጂ ከ1,200 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ 2,000 ሜትርን ተሻግሮ ነው ወደ ሐረር የሚወርደው። አንዷን ሌሊት ከባቢሌ ወዲያ በዳካታ ሸለቆ፣ ሁለተኛዋን ቁንዱዶ ተራራ ላይ ለማደር ነው ያሰብነው።

በሁለቱም ቦታ እንደ ሰሜን ተራሮቹ ሳንቃበርና ጨነቅ ያለ የተከለለ ካምፕ የለም። በር የለም፣ ሽንት ቤት የለም፣ የቆሻሻ በርሜል የለም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ባለቤት የለውም» ብሎ ይደመድማል፤ ጥፋቱ ሁሉ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ሣሩ የአንድ ሰው ከብት ቁርስ ነው፤ ደረቁ እንጨት የአንዲት ሴት ማገዶ ነው፤ የጎደጎደችው ውሃ የፍየሎቹ ናት። ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ይባላል፤ አንዳንዱ ካምፐር ደግሞ ቁርበቱን ራሱ ጎትቶ ያነጥፈዋል።

ውሃ የሚሰላው ገና ከድሬ ሳይወጡ ነው። በዳካታ ሙቀት ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ለመጠጥ፣ 1 ተኩል ለምግብና ለቡና፣ ግማሽ ሊትር ለእጅና ለፊት፣ በድምሩ 6 ሊትር እንይዛለን። ስምንት ሰው ለሁለት ቀን 96 ሊትር ይፈልጋል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምስት ማለት ነው። ይህን ሒሳብ የዘለለ ቡድን በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላይ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወደ እረኞቹ ቢርካ፣ ማለትም ወደ ውሃ ማጠራቀሚያቸው፣ ይሄዳል። ማንም አይከለክለውም፤ ለእንግዳ ውሃ መከልከል ነውር ነው። ግን በበጋ አንድ ፍየል በቀን 4 እና 5 ሊትር ትጠጣለች፤ 100 ሊትር ቀዳ ማለት የ20 ፍየል የቀን ውሃ ወሰደ ማለት ነው። ጨዋነት ብለን የምንጠራው ነገር አብዛኛው እንዲህ በጀሪካን የሚለካ ነው።

ሥጋውንም ሐረር ላይ አጥንት የሌለው አስቆርጠን በበረዶ ሳጥን ያዝን። ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ከሐረር ባቢሌ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለውዝ ሳይገዛ ባቢሌን የሚያልፍ መንገደኛ የለም፤ እኛም ገዛን። ከከተማው በስተደቡብ በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዝሆኖች መጠለያ አለ፤ እዚያ ያለ ስካውት ማደር አይታሰብም፣ አልፈነው ሄድን። ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ዳካታ ይቀበላችኋል፦ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ አንዳንዱ ነፋስ ቢነካው የሚወድቅ መስሎ።

ቦታ ከመምረጥ በፊት ሰው መፈለግ ነው። ከመኪና ወርዶ፣ መነጽር አውልቆ፣ በእግር ወደ ቅርቡ ቤት ይኬዳል። መኪናውን ደጃፍ ድረስ ነድቶ በመስኮት መጠየቅ እዚህ አገር ስድብ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም ኦቦ። አንድ ሌሊት እዚህ አካባቢ ብናድር ይፈቅዱልናል?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። የት ላይ ልትተክሉ ነው?»

የጥያቄው ቁም ነገር ይህ ነው፦ የት። እኛ ከሩቅ ለጥ ያለች አሸዋማ ቦታ አይተን ነበር፤ ሽማግሌው በበትራቸው ሁለት ነገር አሳዩን። አንደኛ፣ በዚያች ቦታ መካከል የሚያልፈው የነጣ መስመር የከብት መውጫ ነው፤ ከብቶቹ ንጋት ላይ በዚያ ይወጣሉ፤ ድንኳን ካገኙ ይደነግጣሉ፣ እረኛውም ዙሪያ ጥምጥም ለመንዳት ይገደዳል። ሁለተኛ፣ ለጥ ያለችው አሸዋ ደረቅ ወንዝ ናት። የድሬ ልጅ ይህን ሲሰማ አይከራከርም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለው፣ ዝናቡ እላይ ደጋው ላይ ዘንቦ ነው። ከታች ያለው ሰማይ ኮከብ ይዞ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከወንዙ ጠርዝ ከፍ ያለ፣ ከከብት መንገድ ወጣ ያለ ቦታ ያዝን።

ክፍያውንም ከዚያው ጨረስን፤ ለሽማግሌው፣ በሰው ፊት። ለሌሊቱ ዘበኛ የሚሆን ጎልማሳ እሳቸው መረጡልን። ለተሰበሰቡት ሕፃናት ከረሜላና ብር መበተን ደግነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ቀጣዩ ቡድን መኪናው በድንጋይ መከበቡ ነው።

ድንኳን ሲተከል አውታሩ ከግድግዳው ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይወጣል። በሁለት ድንኳን መካከል ከ3 ሜትር ያነሰ ከተተወ አውታር ከአውታር ይሻገርና፣ ሌሊት ለሽንት የተነሣው ሰው ተጠላልፎ የጎረቤቱን ድንኳን ይደረምሳል። አውታሩ ላይ የነጭ ጨርቅ ቁራጭ ማሰር ብልሃቱ ነው። የግንባር ባትሪ ያደረገ ሰው ደግሞ ሲያወራ መብራቱን ወደ መሬት ያውርድ፤ ፊት ለፊት የተተኮሰበት ሰው ለደቂቃዎች እንደ ዕውር ነው የሚቆየው።

እሳት ላይ ጥብቅ ነን። የግራር ቅርንጫፍ አይቆረጥም፤ የወደቀውም አይለቀምም። ለስምንት ሰው በቀን 3 ኪሎ ያህል ከሰል ከነምድጃው ይዘን እንሄዳለን። በዳካታ የሚያናድደው ደግሞ ከትልቅ ድንጋይ ሥር ነፋስ ለመከለል የሚነደው እሳት ነው። ጥላሸቱ ዝናብ የማያገኘው ጥግ ላይ ስለሚያርፍ ለዓመታት ይቀራል፤ ድንጋዩም ባንድ ወገን ብቻ ሲግል ቆዳው ተቀርፎ ይፈነጣጠራል። ከጥላሸቱ በላይ ደግሞ ስምና ዓመተ ምሕረት በቀለም ይጻፋል። የጻፉት ሰዎች ፍቅረኛሞች እንደሆኑ ልብ ይረዳል፤ ድንጋዩን ግን ምን አስገባው?

ፍሙን በአሸዋ መሸፈን ትልቁ ስህተት ነው። አሸዋ እሳትን አያጠፋም፣ ያዳፍነዋል እንጂ። እናቶቻችን ማታ ፍሙን አመድ አልብሰው ለጠዋት የሚያሳድሩት በዚሁ ብልሃት ነው። ጠዋት የተሸፈነ ፍም ቀትር ላይም ይፋጃል፤ ላዩ ሜዳ ስለሚመስል በባዶ እግሩ ወይም በስስ ጫማ ፍየል የሚያባርር ልጅ ይረግጠዋል። ትክክለኛው መንገድ፦ ውሃ ማፍሰስ፣ በእንጨት ማማሰል፣ እንደገና ማፍሰስ፣ የእጅን ጀርባ ማስጠጋት፤ የሚሞቅ ከሆነ መድገም። የእኛ ምድጃ 4 ሊትር ያህል ጠጣ፤ የዕቃ እጣቢውን አጥልለን ለዚህ ስለምናስቀምጥ ከመጠጡ ውሃ አልነካንም።

አሁን ወደ አጥንቱ። ሐረር ጅብ ከሰው እጅ ሥጋ የሚበላበት ከተማ ነው፤ በጀጎል ግንብ ሥር ጅብ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሳይቀር አለ። የዚህ አካባቢ ጅብ የሰውን ሽታ አይሸሽም፤ ሰው ባለበት ሥጋ እንዳለ ያውቃል። ካምፕ አጠገብ አንድ ጊዜ አጥንት ያገኘ ጅብ በነጋታው ይመለሳል፤ በነጋታው ግን የምታድሩት እናንተ አይደላችሁም። ሌላ ቡድን ነው፣ ወይም በረት ውስጥ ያለች የሽማግሌው አህያ ናት። አጥንት መቅበር አያዋጣም፤ 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ለጅብ ጥፍር የደቂቃ ሥራ ነው። ማቃጠልም በምድጃ ፍም አይሆንም፤ ሽታውን ማሰራጨት ብቻ ነው። መፍትሔው አጥንቱን አለማምጣት ነው። ፍየል እዚያው ማረድ የፈለገም መንደር ውስጥ ያሳርድ፤ አራጁም ከመንደሩ ሰው ይሁን። አለበለዚያ እስላሙ ጎረቤት አብሯችሁ አይቀርብም፤ ጋብዛችሁም አልጋበዛችሁም። ጫማ ደግሞ፣ በተለይ የቆዳ፣ ከድንኳን ውጭ አያድርም። ጅብ ያኝከዋል፣ ጠዋት አንድ እግር ብቻ ታገኛላችሁ።

ሽንት ቤት ላይ ባጭሩ፦ ለስምንት ሰው አንድ የጋራ ጉድጓድ፣ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከውሃና ከድንኳን ቢያንስ 80 እርምጃ ርቆ። ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ አፈርና አመድ ይጨመራል፤ ወደ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ሲቀር ይደፈናል። ሶፍት በደረቅ አሸዋ ውስጥ አይበሰብስም፤ ነፋስ ያወጣውና ቁጥቋጦ ላይ ይሰቅለዋል። እንደ አገሬው በሃይላንድ ውሃ መታጠብ ከሁሉ ይሻላል።

በሁለተኛው ቀን ወደ ኋላ ተመልሰን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተወለዱባት በኤጀርሳ ጎሮ በኩል ወደ ቁንዱዶ ሄድን። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ፣ አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ተራራ ነው፤ ባለቤት የሌላቸው የዱር ፈረሶች አናቱ ላይ ይግጣሉ። ከፍታው ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ምስርና ባቄላ አልበስል ብሎ ጋዝ ይፈጃል፤ ሽሮና ፓስታ ይዛችሁ ውጡ።

እዚህ ዋናው ጉዳይ ድምፅ ነው። ሜዳው ዛፍ ስለሌለው ከድንኳናችን 200 ሜትር ርቀው የነበሩ ሰዎች የሚያወሩትን ቃል በቃል እንሰማ ነበር። እረኞቹ ከኢሻ ሶላት በኋላ ይተኛሉ፣ ለሱብሂ ይነሣሉ። ስለዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ድምፅ ይወርዳል። ከእኛ በኋላ የወጣ አንድ ቡድን ግን 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስፒከሩን ከፈተ፤ ቀጥሎ ለስልክ ቻርጅ ብሎ ሰው አሸክሞ ያመጣትን ጄነሬተር አስነሣ። ለስልክ! 20,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ ስልክ ሦስት ጊዜ ይሞላል፣ ክብደቱም ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ሄዶ መናገር የሚገባው አንድ ሰው ነው፤ አምስት ሆኖ መሄድ ጠብ ይመስላል። «ያ ጀማ፣ ፈረሶቹ ሸሹ፣ እረኞቹም ሊተኙ ነው» ማለት «ዝም በሉ» ከማለት ይልቅ ይሠራል፤ በዚያ ሌሊትም ሠራ።

ጫት እዚህ አገር የምሽት ጓደኛ ነው፤ አትቃሙ የሚል የለም። ግን ምርቃና ሲመጣ ድምፅ ይወፍራል፣ ሐሳቡም እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አያልቅም። የሚቅሙትን ድንኳን ከነፋሱ በታች ባለው ጫፍ መትከል ሁሉንም ያስማማል። ገራባውን፣ ማለትም የጫቱን ትራፊ፣ ፍየል በደስታ ትበላዋለች፤ ጣጣው የታሰረበት ፌስታል ነው። ፌስታሉ ከገራባው ጋር ወደ ሆድ ይገባል፣ አይፈጭም፣ ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ መውጫ ይዘጋል፤ እንስሳዋ እየከሳች ትሞታለች። ስለዚህ ገራባው ለብቻው ለፍየል፣ ፌስታሉ ወደ ቆሻሻ ማዳበሪያ።

ፈረሶቹን ከ50 ሜትር ወዲህ አልቀረብናቸውም፤ ዳቦም አልወረወርንም። ዳቦ የለመደ የዱር ፈረስ ሌሊት ድንኳን ያሸታል፣ አውታር ይረግጣል።

ጠዋት ካስማ ቆጠራ አለ። እያንዳንዱ ድንኳን 12፣ አራቱ 48። ሣር ውስጥ የቀረ ባለ 18 ሳንቲ ሜትር ብረት የፈረስ ወይም የላም ሰኮና ይወጋል፤ እዚያ ተራራ ላይ ሐኪም የለም። 47 ከሆነ የመጨረሻው ድንኳን የነበረበት ቦታ ላይ ሰዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ሣሩን በእግራቸው እየዳበሱ ይሄዳሉ፤ ካስማው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በነፋሱ ወገን ባለው ማዕዘን ነው፣ በጥልቀት የተመታው እሱ ስለሆነ።

ቆሻሻችን አንድ ማዳበሪያ ከሩብ ሞላ። መንደር ውስጥ «ጣሉልን» ብሎ መተው ቀላል ነበር፤ ግን መንደሩ የሚሰበስብለት መኪና የለውም፣ ከቤቱ ጀርባ ነው የሚያቃጥለው። አፉን በገመድ አስረን፣ በመኪናው ጣሪያ ላይ ጭነን ድሬ ድረስ ወሰድነው።