ከፊልሙ በኋላ ማንም አላናገረኝም

የፊልሙን መጨረሻ ልናገር ነው። «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ፣ እስካሁን ያላያችሁ በእኔ አትቆጡ።

ቤት ውስጥ ተሰብስበን እያየን ነው። ብሩስ ዊሊስ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ሆኖ፣ ሙታን የሚታዩትን ልጅ ይረዳል። ሚስቱ ግን ዘግታዋለች። ጋብቻቸውን በሚያከብሩበት ምሽት ሬስቶራንት ዘግይቶ ይደርሳል። ያወራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። እሷ ቀና ብላም አታየው!

«ምን ሆና ነው?» አለ ታናሽ ወንድሜ።

«ተኳርፈው ነዋ!» አለች እማዬ። «ሥራ ሥራ ሲል ቤቱን ረሳ። እሰይ፣ ደግ አደረገች!»

መጨረሻው ላይ ጉዱ ወጣ። ሰውየው ለካ መጀመሪያ ላይ በጥይት ሲመታ ሞቷል። ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

«እኔ ገና ሲጀምር አውቄያለሁ» አለ አጎቴ። ግማሹን እያንኮራፋ ነው ያየው።

«ማጭበርበር ነው!» አለ ወንድሜ።

«ምኑ ነው ማጭበርበር?» አለች እህቴ። «ድገመውና እየው። በሕይወት ካሉት ከልጁ በቀር ማን መለሰለት? ቀዩንስ ልብ አላልክም? የሙታን ዓለም ሲጠጋ ቀይ ነገር ይታያል። ለ6 ኦስካር እኮ ነው የታጨው!»

«ስንቱን ወሰደ?»

እህቴ ዝም አለች። አንዱንም አልወሰደም።

«ሞተም አልሞተም ተኳርፈው ነበር» አለች እማዬ።

በእኔ እምነት ከሁሉም የገባት እሷን ነው። የተኳረፈ ባልና ሚስት ያላየ ማን አለ? ዳይሬክተሩ የሸወደን በዚሁ በምናውቀው ነገር ነው። ይህን ልናገር «እኔ የሚመስለኝ...» አልኩ። የሰማኝ የለም። ድምፄን ጨመርኩ። የለም። «ውሃ የሚፈልግ?» አልኩ። ወይ ፍንክች!

ዝቅ ብዬ ደረቴን አየሁ። ቀይ ሹራብ።

ጠዋት ለጓደኛዬ የላክሁት መልእክት ትዝ አለኝ። አይታዋለች፣ አልመለሰችም። ቤቱም ድንገት ቀዘቀዘኝ። ፊልሙ ላይ ሙታን ሲቆጡ ይበርዳል። መስኮቱ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ግን በዚያ ሰዓት መስኮት ማን ያያል?

ፊቴን ልታጠብ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄድኩ። በሩ አልከፈት አለኝ። ፊልሙ ላይም ሰውየው የምድር ቤቱን በር መክፈት ያቅተዋል! እጀታውን በሁለት እጄ ይዤ ነቀነቅኩት።

ከውስጥ ኡኡታ ፈነዳ።

የአጎቴ ልጅ ናት። ፊልሙ እኩል ሲደርስ ፈርታ ወጥታ፣ እዚያ ቆልፋ ተቀምጣለች። ማንም ልብ አላላትም። እኔም ደንግጬ ከእሷ የባሰ ጮህኩ። ሁሉም ተንጋግተው መጡ።

«አንተ! ልጅቷን ምን አድርገሃት ነው?» አለች እማዬ። እህቴ ጮኸችብኝ። ወንድሜ ቀጠለ። እንደዚያ ስሰደብ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አጎቴ ብቻ ከሶፋው አልተነሳም። «እዚያ እንዳለች ገና ስትገባ አውቄያለሁ» አለ።