ላሟ እሁድን አታውቅም

ሱሉልታ ላይ የሐበሻ ላሜን ሆልስታይን በሚባለው የውጭ የወተት ከብት ዘር፣ በሰው ሠራሽ ዘዴ አስዳቅዬ ድቅል ጊደር አግኝቻለሁ። ዛሬ ግቢዬ ውስጥ የምትታለበው እሷ ናት፤ ባየኋት ቁጥር ደስ ይለኛል። እስክትወለድ ያየሁትን ግን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም።

ለማዳቀል መመዝገቡ ቀላል ነው። ድርቆሽም እኛ ሰፈር አይቸግርም። ፉርሽካና ፋጉሎ (የቅባት እህል ተጨምቆ የሚቀረውን መኖ) በጊዜ ግዙ።

ጣጣው ማዳቀሉ ላይ ነው። ያላረገዘች ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች። ጠዋት ከታየች ከሰዓት፣ ማታ ከታየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል ይባላል። ልክ ነው። የኔዋ ቅዳሜ ማታ መጮህ ጀመረች። ሌሎቹ ሲወጡባት ቆማ ትጠብቃለች፤ ከብልቷ የጠራ ልጋግ ይወርዳል። እሁድ ጠዋት የመንግሥት አዳቃዩ ጋ ደወልኩ። «ዛሬ እረፍት ነው፣ ነገ ቢሮ ደውል» አለኝ። ሰኞ ደግሞ ናይትሮጅን አልቋል ተባለ። አባለዘሩ የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። እሱ ከሌለ ዘር የለም። ማክሰኞ ሲመጣ ላሟ ጨርሳለች። አባለዘሩ ያለባትን ቀጭን ቀሰም በመዳፉ አሸት አሸት አድርጎ «ግዴለም፣ ይይዛል» ብሎ ሄደ። አልያዘም።

ጎረቤቶቼም «ድሮም አይይዝም ብለንህ ነበር» አሉኝ። በኋላ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ «አርሶ አደሩ ግንዛቤ ይጎድለዋል» ሲሉ ሰማሁ። እስካሁን ያናድደኛል። ላም አስሬ ስልክ ስደውል የዋልኩት እኔ፣ ግንዛቤ የጎደለኝም እኔ!

በሚቀጥለው ዙር የግል አዳቃይ ጠራሁ። ቀሰሟን በቴርሞሜትር በለካው ለብ ያለ ውኃ ነከራት፤ ከዚያ ጠርጎ፣ ቆርጦ ቶሎ አስገባ። ያዘላት።

ስለዚህ የግል አዳቃይ ስልክ አስቀድማችሁ ያዙ። ክፍያው ያማል፤ ላም ባዶዋን ስትከርም ግን የባሰ ያማል። ሥልጠና ላይ ኮርማችሁን ሽጡ ይላሉ። እኔ አትሽጡ ባይ ነኝ። ኮርማ በሽታ ያዛምታል የሚሉት እውነት ነው፤ አስመርምሩት። የበዓል ሰሞን የሚደርስላችሁ ግን እሱ ነው።

ደግሞ ቀሰሟ ላይ ያለውን የኮርማ ቁጥር ሳታስጽፉ አዳቃዩን አትሸኙ። የምትወለደው ጊደር ለመዳቀል ስትደርስ ያንን ወረቀት ለአዳቃዩ አሳዩ፤ አለዚያ ከገዛ አባቷ ልትዳቀል ትችላለች።