ምስጋናው በማን ገመና?

የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 10፣ በእኛ መስከረም 30 አካባቢ ይከበራል። በምሠራበት ሆስፒታል በዓሉ ባነር ከመስቀልና ሻይ ከመጠጣት አልፎ አያውቅም ነበር። ባለፈው ግን «ታውከው የሚመጡ ሕሙማንን የሚረዱ ባለሙያዎች በአደባባይ ይመስገኑ» ተባለና፣ ከእኛ ክፍል አንጋፋዋ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ታጩ። ደስ አላቸው፤ የሕዝብ ግንኙነት ባልደረባችን ወረቀትና ብዕር ይዞ እስኪመጣ ድረስ።

«ሲስተር፣ ልብ የሚነካ አንድ ታሪክ ይንገሩኝ። የዳነው ታካሚም ፈቃደኛ ከሆነ መድረክ ላይ አብሮዎት ይቆማል።»

«ያስታመመችህ ሴት ልትሸለም ነውና ቁምላት ሲባል፣ አልፈልግም የሚልበትን አፍ ከየት ያመጣል?»

«እንግዲያውስ ስሙን አንጠራም።»

«እናንተ ባትጠሩት ከተማው ይጠራዋል።»

እውነታቸውን ነው። ከተማችን ትንሽ ናት። በገመድ ታስሮ በባጃጅ የመጣ ሰው ማን እንደሆነ ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ ያ ሰው ዛሬ ሱቁን ከፍቶ ደንበኛ እያስተናገደ ይሆናል። እኛ ለመመስገን የምናሳየው ነገር ሁሉ የሌላ ሰው ገመና ነው። ሽልማት የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ቀድመው ቢያስቡበት ምን ነበረበት!

ስለዚህ ሲስተር የአንድን ታካሚ ሌሊት ትተው የየሌሊቱን ሥራ አጻፉት። የታወከ ሰው ሲመጣ የልብ ማዳመጫውን ከአንገታቸው ያወርዳሉ፤ ከተጎተተ ያንቃልና። መንገዱን ሙሉ አምስት ሰው ሲጮኽበት የመጣውን ታካሚ፣ እዚህ የሚያናግረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ፊት ለፊቱ አይቆሙም፤ ክንዱ ከሚደርስበት ራቅ ብለው፣ በሩን ሳይጋርዱበት፣ በጎን በኩል ይቀመጣሉ። «ልጄ፣ ውሃ ላምጣልህ?» ይላሉ። ጠጥቶ ትንፋሹ ሲመለስ ገመዱ ይፈታል፤ ቤተሰቡ «ኧረ እንዳይፈታ!» እያለ። መርፌው፣ ካስፈለገ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የጥበቃ ሠራተኛውም ዱላውን ደጅ አስቀምጦ ነው የሚገባው፤ የእርሱም ስም ይጻፍ አሉ፤ ተጻፈ።

በዕለቱ ጽሑፉ ተነበበ። እንባ ሊያብስ የመጣ ሰው ሳይሰለች አልቀረም። የልብ ማዳመጫው ጉዳይ ሲነሳ ግን ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ወጣት ሐኪሞች እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሲሰዱ አየሁ።

ሥራ አስኪያጁ የምስክር ወረቀቱን ሲያስረክቧቸው «ምን እናግዛችሁ?» አሉ። እንደዚያ ያለ ጥያቄ ለወጉ ያህል የሚጠየቅ ነው። ሲስተር ግን መለሱ፦ «ለሌሊቱ ተራ ሁለተኛ ነርስ፣ ለማነጋገሪያ ክፍሉ ሁለተኛ በር።» አዳራሹ ከጠዋቱ ሁሉ የበለጠ ያጨበጨበው ያን ጊዜ ነው።

ነርሷ በጥቅምት ሥራ ጀመረች። በሩ ግን እስካሁን «በጀት ይጠይቃል» እንደተባለ ነው።