የተሰወረውን የገለጠልኝ አምላክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመስክር።

የምንኖረው ቡሬ አካባቢ ነው። ከተጋባን ዓመታት ቢያልፉም ልጅ አልነበረንም። በአገራችን ጎጆ ልጅ ሲያጣ ጣት የሚቀሰረው በሴቷ ላይ ነው። አማቴ ለልጃቸው ሌላ ሚስት መፈለግ መጀመራቸውን ከጎረቤት ሰማሁ። ተመርምሬ ጤነኛ ነሽ ብባልም የሚያምነኝ ጠፋ። ሰከላ ግሽ ዓባይ ሄጄ ለአቡነ ዘርዓ ብሩክ ተሳልሁ፤ ጠበሉን ተጠምቄም «የተሰወረውን ግለጥልኝ» ብዬ አነባሁ።

የተሰወረው በባለቤቴ ላይ ነበር። ራሱን ያመዋል፤ ከመኝታችንም ርቋል። ሰው ዓይነ ጥላ ነው ይለዋል። በኋላ ፊት ለፊቱን እያየ ግራና ቀኙ ጨለመበት፤ መንገድ ላይ ከጎኑ የሚመጣውን ሰው ይጋጭ ጀመር። ባሕር ዳር ወሰድሁት። በደሙ ውስጥ ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን እጅግ በዝቶ ተገኘ፤ በኤምአርአይ ሲታይም ከአንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ ዕጢ ላይ ይህን ሆርሞን የሚያበዛ ትልቅ እብጠት ነበር።

ሐኪሙ ያስረዱኝ ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ፕሮላክቲን የእናት ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርግ ሆርሞን ነው። በሴት ላይ ሲበዛ የወር አበባዋ ይዛባል ወይም ይቀራል፤ ሳትወልድም ከጡቷ ወተት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ቶሎ ትመረመራለች፤ እብጠቱም ብዙ ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ ይደረስበታል። ወንድ ግን ስሜቱ ይቀዘቅዛል፣ ዘሩ ይዳከማል፤ ይህንንም በኀፍረት ይደብቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚታወቅበት እብጠቱ አድጎ የዓይን ነርቮችን ሲጫን ነው። «እህቴ፣ ልጅ የከለከላችሁ ይኸው ነው» አሉኝ። በዚያች ሰዓት ጸሎቴ እንደተሰማ አወቅሁ።

ቀዶ ሕክምና ፈርተን ነበር፤ የታዘዘለት ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚዋጥ ካበርጎሊን የተባለ ክኒን ሆነ። የንስሐ አባታችንም «መድኃኒትንም የሰጠ እርሱ ነው» ብለው ባረኩት፤ ጠበሉንም ክኒኑንም አልተውንም። ራስ ምታቱ ለቀቀው፣ ዓይኑ በራ፣ ሆርሞኑ ወረደ፣ እብጠቱም ሟሸሸ።

ከዚያም ፀነስሁ። አራስ ሳለሁ አማቴ ገንፎ ይዘውልኝ ገብተው «ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ፤ ተላቀስን። ልጃችን በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሥታለች። ባለቤቴ ዛሬም ክኒኑንና ክትትሉን አላቋረጠም፤ እኔም ስለቴን ግሽ ዓባይ ወስጄ አስገብቻለሁ።