ሌሊቱን ለኤድመንተን ነቅታችሁ ላነጋችሁ
አይዟችሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የጀመረው የካናዳው የበረዶ ሆኪ ቡድን የኤድመንተን ኦይለርስ ስድስተኛ የፍጻሜ ጨዋታ በፍሎሪዳ ፓንተርስ 5 ለ 1 አሸናፊነት አለቀ፤ የእ.ኤ.አ. 2025 የስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜውም በጨዋታ ብዛት 4 ለ 2 ለፍሎሪዳ ሆነ። አምና በዚሁ ቡድን በሰባተኛው ጨዋታ 2 ለ 1 ተሸነፈ፣ ዘንድሮ ደግሞ ይኸው። ኦይለርስ ዋንጫውን ካነሳ እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ስንት ዘመን ሆነው! ቢያንገበግብ ምን ይገርማል?

ከሁሉ የሚያመው ባዶው ጎል ነው። እየተመራ ያለ ቡድን መጨረሻ ላይ ግብ ጠባቂውን አስወጥቶ ስድስተኛ ተጫዋች ያስገባል። ኳስ በሌለበት ጨዋታ ያቺ ጥቁር ዲስክ ከተነጠቀች በቃ፣ በባዶ በረዶ ላይ ተንሸራታ መረብ ትገባለች። የፍሎሪዳው ሳም ሬይንሃርት ካስቆጠራቸው 4 ጎሎች ሁለቱ እንዲህ የገቡ ናቸው። ስለዚህ 5 ለ 1 የሚለው ቁጥር ከጨዋታው ይልቅ ይከብዳል።

አሁን ቀኑን መግፋት አለ። ከቻላችሁ 20 ደቂቃ አሸልቡ፣ ካልሆነም ሙሉ 90። 45 ደቂቃ ላይ መነሳት ከከባድ እንቅልፍ ስለሚያባንን ቀኑን ሙሉ ያደነዝዛል። ቡና ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ይብቃ፤ የካፌይኑ ግማሽ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ አለዚያ ዛሬም ሳትተኙ ታድራላችሁ። የጎሎቹን ቪዲዮ ለነገ አቆዩት። ምሳ ሰዓት ላይ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር በእግር ውረዱ። ሰኔ ነው፣ ጃንጥላ ያዙ።

ማልያውን አጥባችሁ እጠፉት። መስከረም መጨረሻ ላይ አዲሱ የውድድር ዘመን ሲጀመር ይፈለጋል።