ኢዮብን ዝም የማያሰኝ መጽሐፍ ስጡኝ

የክርስቲያን መጽሐፍ እያነበብኩ ነው ስል መጀመሪያ የምጠየቀው "የኛ ነው የነሱ?" የሚል ነው። እኔ በዚህ መለየት ካቆምኩ ቆየሁ። መነኩሴ የጻፈውንም ፓስተር የጻፈውንም ካቶሊክ የሆነ ልቦለድ ጸሐፊ የጻፈውንም አነባለሁ፣ የምለይበት ነገር ሌላ ነው። መጽሐፉ የሚያለቅስ ሰው ፊቱ ሲቆም ምን ያደርጋል? ዝም በል ይለዋል ወይስ ለቅሶውን ያስጨርሰዋል? በቃ ይሄ ነው መመዘኛዬ፣ ከዛ በኋላ ነው ስለ አጻጻፉም ስለ ትምህርቱም የማስበው።

ይሄን መመዘኛ ደግሞ ከራሴ አላመጣሁትም፣ ከመጽሐፈ ኢዮብ ነው የወሰድኩት። የኢዮብ ጓደኞች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር የሚሉትን ነገር ለብቻው አውጥታችሁ ብታነቡት እኮ አብዛኛው ልክ ይመስላል። እግዚአብሔር ጻድቅ ነው፣ ኃጢአት ዋጋ ያስከፍላል፣ ንስሐ ግባና ይመልስልሃል፣ የትኛውም መድረክ ላይ ቢነገር አሜን የሚያስብል ነው። ኢዮብ ደግሞ በተቃራኒው የተወለደበትን ቀን ይረግማል፣ ከእግዚአብሔር ጋር መሟገት እፈልጋለሁ ይላል፣ ለምን ፊትህን ትሰውርብኛለህ ይላል። እና ምዕራፍ 42 ላይ ስንደርስ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በኤልፋዝና በሁለቱ ጓደኞቹ ላይ። ስለ እኔ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ነው ያላቸው። እነዚህ ሰዎች ጥሩ ያደረጉት ነገር የለም ማለት አይደለም፣ ሲመጡ 7 ቀንና 7 ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ቁጭ ብለው አንድም ቃል አልተነፈሱም፣ ሥቃዩ ከባድ መሆኑን አይተው ነበር። የተበላሸው አፋቸውን የከፈቱ ቀን ነው።

አሁን በብዛት የሚወጡትና ቶሎ ቶሎ የሚሸጡት መጽሐፎች ግን ከስምንተኛው ቀን የሚጀምሩ ናቸው። እንዲህ ብትጸልይ እንዲህ ይሆንልሃል፣ ይሄን ያህል እርምጃ፣ ይሄን ያህል ቁልፍ፣ እያንዳንዱ ቻፕተር መጨረሻ ላይ የሚደገም ቃል። ሰው ተጽናንቶባቸው አይቻለሁና ሁሉንም ጠራርጌ አልጥልም። የሚያሳዝነኝ ፎርሙላው አልሠራ ያለው ሰው ነው፣ ምክንያቱም መጽሐፉ ለሱ ያዘጋጀለት አንድ ማብራሪያ ብቻ ነው፣ እምነትህ ጎደለ። ታሞ የነበረ ሰው ላይ ጥፋተኝነት ይጨመርበታል ማለት ነው እኮ።

የምስክርነት መጽሐፍም ላይ የሚከብደኝ ነገር አለ። ሁሉም ነገር ያለፈ ነው። ሱሰኛ ነበርኩ፣ ታምሜ ነበር፣ ትዳሬ ፈርሶ ነበር፣ አሁን ግን። ይሄ "አሁን ግን" የሚለው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፣ ለብዙ ሰውም እውነት ነው፣ ክብር ለእግዚአብሔር። ግን ገና እየታመመ ያለው አማኝ፣ ዛሬም ጠዋት ሲነሳ ያው ነገር ፊቱ የሚጠብቀው፣ እሱ የሚጽፈው መጽሐፍ የት ነው ያለው?

ለዚህ ነው ሲ. ኤስ. ሌዊስን ደጋግሜ የማነሳው። ሌዊስ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ሥቃይ አንድ መጽሐፍ ጽፏል፣ እግዚአብሔር ቸርም ሁሉን ቻይም ከሆነ ሥቃይ ለምን አለ የሚለውን የሚመልስ፣ በጣም የተደራጀ፣ ጥሩ መጽሐፍ ነው። ከዛ በ1957 ጆይ ዴቪድማንን በካንሰር ታማ ሆስፒታል አልጋ ላይ እያለች ቄስ አምጥቶ አገባት፣ ቄሱም እጁን ጭኖ ጸለየላት፣ እና ተሻላት። ተነስታ ሄደች፣ አብረው ተጓዙ። አሁን አስቡት፣ ሌዊስ በ1958 ቁጭ ብሎ ይሄን ታሪክ ቢጽፈው ኖሮ እስከዛሬ በየመድረኩ የሚነገር የፈውስ ምስክርነት ነበር የሚወጣው፣ አንድም ውሸት ሳይኖርበት። ግን በሽታው ተመለሰና በሐምሌ 1960 ሞተች። ሌዊስ ከዛ በኋላ የጻፈው ማስታወሻ በ1961 ሲታተም ስሙን እንኳን አላወጣም፣ በብዕር ስም ነው ያወጣው፣ በራሱ ስም የታተመው እሱ ራሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ያ ማስታወሻ (በእንግሊዝኛ A Grief Observed ይባላል) ትንሽ መጽሐፍ ነው፣ ቁጭ ካላችሁ በአንድ ምሽት ያልቃል። ግን እንደሱ አድርጎ የያዘኝ መጽሐፍ ትንሽ ነው። ደስ ብሎህ ወደ እግዚአብሔር ስትሄድ እጁን ዘርግቶ የሚቀበልህ ይመስላል፣ ሌላ መሄጃ አጥተህ ስትሄድ ግን በር ፊትህ ላይ ይዘጋል፣ ከውስጥም መቀርቀሪያው ሲገባ ትሰማለህ ይላል። ይሄን የጻፈው እምነቱን የተወ ሰው አይደለም፣ በዘመኑ ለክርስትና በመከራከር ከሱ በላይ የታወቀ ሰው ማግኘት የሚከብድ ሰው ነው! ቆይቶ ደግሞ ወደ መጨረሻው አካባቢ ያንኑ በር እንደገና ያነሳዋል፣ ምናልባት በሩን የዘጋው የራሴ ግርግር ይሆን እያለ ራሱን ይጠይቃል፣ ግን የመጀመሪያዎቹን ገጾች አልሰረዛቸውም። ይሄን ነው የምወድለት። በኋላ የተረጋጋው ሌዊስ በፊት የጮኸውን ሌዊስ አላፈረበትም፣ ሁለቱንም እዛው ተዋቸው። የ1940ውን መጽሐፍ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ ጤነኛ ሰው ሲያስብ ያስፈልገዋል። ሐዘን ቤት ይዞ የሚገባ መጽሐፍ ግን አይደለም።

አውግስጢኖስም ጋ ያው ነገር አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ397 እስከ 400 ባለው ጊዜ አካባቢ በጻፈው የኑዛዜ መጽሐፉ። ሰው ሁሉ የሚያወራው በልጅነቱ ስለሰረቀው ፒር ስለሚባለው ፍሬና ሚላን ውስጥ ስለዛ አትክልት ቦታ ነው፣ አንስተህ አንብብ የሚል የልጅ ድምፅ ሰምቶ የጳውሎስን መልእክት ስለከፈተበት። ጥሩ ነው፣ ያም ያለፈ ታሪክ ነው። እኔን የሚገርመኝ አሥረኛው ክፍል ነው፣ እዛ ላይ የነበርኩትን ሳይሆን አሁን የሆንኩትን ልናገር ብሎ ይጀምራል። ያኔ ጳጳስ ነው እኮ! ጳጳስ ሆኖ ስለ ሕልሙ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቱ፣ ሰው ሲያመሰግነው ደስ ስለሚለው ነገር፣ ገና እየታገለ ያለውን ሁሉ በግልጽ ይናገራል። የዛሬ አገልጋይ መጽሐፉን ሲጽፍ ይሄን ምዕራፍ ማስገባት ይችላል? ብዙዎቹ አይችሉም፣ አንባቢውም አይፈቅድላቸውም፣ ጥፋቱ የኛም ነው ማለት ነው።

"እና መልካም የሆነውን ምስክርነት ሁሉ ልትጥል ነው?" ትሉኝ ይሆናል። አይ። የኮሪ ቴን ቡምን ታሪክ የማያነብ ሰው ብዙ ቀርቶበታል። ኔዘርላንድስ ውስጥ አይሁዶችን ቤታቸው ደብቀው ተያዙ፣ እሷና እህቷ ቤትሲ ራቨንስብሩክ ወደሚባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ተወሰዱ። የገቡበት ክፍል ቁንጫ የወረረው ነበር። ቤትሲ ስለ ቁንጫውም ጭምር እናመስግን ስትላት ኮሪ በውስጧ በዚህስ ቤትሲ ተሳስታለች ነው ያለችው፣ ያለችውንም አልደበቀችም፣ በኋላ ነው ጠባቂዎቹ ቁንጫውን ፈርተው እዛ ክፍል እንደማይገቡና መጽሐፍ ቅዱስ እያነበቡ የተተዉት በሱ ምክንያት እንደሆነ ያወቁት። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ስብከት ይወጣዋል። ግን ቤትሲ እዛው በታኅሣሥ 1944 ሞተች፣ መጽሐፉም ይሄን አያለሰልሰውም። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ኮሪ ሙኒክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ይቅርታ ተናግራ ስትጨርስ ከነዛ ጠባቂዎች አንዱ እጁን ዘርግቶ መጣ። እጇ አልነሳ አላት። ስለ ይቅርታ አስተምራ አሁን የጨረሰችው ሴትዮ! እኔ አልችልም፣ ያንተን ይቅርታ ስጠኝ ብላ ነው የጸለየችው። እንደዚህ አይነት ምስክርነት አምጡልኝ፣ ሙሉ ቀን አነባለሁ።

ወደ ልቦለድ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ብዙ የክርስቲያን ኖቭል ውስጥ የማያምነው ካራክተር ገና ሲገባ ትለዩታላችሁ፣ ወይ ክፉ ነው ወይ በልጅነቱ የተጎዳ ነው፣ የሚያነሳው ጥያቄ ደካማ ነው፣ ከመጨረሻው በፊት ባለው ምዕራፍ ላይ ተንበርክኮ ያለቅሳል። ደራሲው ጥያቄውን ስለፈራው ነው እንደዚህ ያሳነሰው። ዶስቶየቭስኪን ያልፈራ ደራሲ ነው የምለው ለዚህ ነው። በካራማዞቭ ወንድማማቾች ውስጥ ኢቫን የሚባለው ወንድም ስለ ሕፃናት ሥቃይ ሲናገር አንድም ነገር አያስቀርም፣ አንድ ጄኔራል አንድን ትንሽ ልጅ እናቱ ፊት በውሻ ሲያስበላው ይተርክና ወንድሙን አልዮሻን ይሄ ሰው ምን ይገባዋል፣ ይረሸን? ይለዋል። አልዮሻ የገዳም ልጅ ነው፣ ቀስ ብሎ "ይረሸን" ይላል። ራሱ አማኙ እንኳን ጥያቄው ሲወጋው እናያለን። ዶስቶየቭስኪ ያኔ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ለዚህ የሚሰጠው መልስ በቂ ላይሆን ይችላል ብሎ እንደሚሰጋ ተናግሯል፣ እና የሰጋውን ነገር እያወቀ አሳተመው።

እዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ሰው ቶሎ የሚያልፈው አንድ ቦታ አለ። የሦስት ዓመት ልጇ የሞተባት እናት ከሩቅ አገር ወደ ሽማግሌው መነኩሴ ወደ ዞሲማ ትመጣለች። ዞሲማ መጀመሪያ ልጅሽ ከመላእክት ጋር ነው ብሎ ያጽናናታል። እሷም ባሌም ይሄንኑ ነው የሚለኝ ትለዋለች፣ ታውቀዋለች፣ ታምነዋለች፣ ግን ልጁ እዚህ የለም፣ የእግሩ ኮቴ አይሰማም። ያኔ ሽማግሌው ንግግሩን ይቀይርና በይ አትጽናኚ፣ አልቅሺ ይላታል፣ ራሔል ስለ ልጆቿ ያለቀሰችውን ያነሳላታል። ልጁ ስሙ ማን ነበር ሲላት አሌክሴይ ትላለች። የዶስቶየቭስኪ የራሱ ልጅ አሌክሴይ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በ1878 ነው የሞተው፣ ከዛ ኦፕቲና ወደሚባለው ገዳም ሄዶ አምብሮስ የሚባሉትን አባት አነጋገረ፣ ሚስቱም በማስታወሻዋ እዛ የተነገረውን ነው ለዞሲማ የሰጠው ብላለች። እኔ ይሄን ገጽ ሳነብ ሁሌም እቆማለሁ። ልክ የሆነ ማጽናኛ ነበር የተሰጣት እኮ፣ ትምህርቱ ላይ ምንም ስህተት የለም፣ ግን ሰውየው እንዳልደረሰላት አይቶ ትምህርቱን አስቀመጠና አልቅሺ አላት።

የጃፓናዊውን ደራሲ የሹሳኩ ኤንዶን "ዝምታ" የሚለውን ልቦለድ (1966) የማነሳው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓን ውስጥ ክርስቲያኖች ሲሰደዱ ቄሱ የክርስቶስን ምስል ካልረገጠ ሌሎች ይሠቃያሉ፣ ምን ያድርግ? ሲወጣም ካቶሊኮች ዘንድ ብዙ ክርክር ነው ያስነሳው። እኔ በመጨረሻው ላይ ከደራሲው ጋር አልስማማም፣ ቄሱን ርገጠኝ የሚለው ያ ድምፅ የክርስቶስ ነው ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል። ግን የማልስማማበትን መጽሐፍ ለሰው እሰጣለሁ፣ ምክንያቱም እዛ ውስጥ ማንም ርካሽ በሆነ ነገር አያመልጥም።

ማር ይስሐቅን ለብቻው ነው የማነበው፣ በትንሽ በትንሹ። ጳጳስነቱን በወራት ውስጥ ትቶ ወደ በረሃ የሄደ ሰው ነው፣ ስለሚራራ ልብ የሚለውን ስታነቡ ለእንስሳውም ለእባቡም ለአጋንንቱም ሳይቀር የሚያለቅስ ልብ ነው የሚያሳያችሁ፣ ከዛ በኋላ ሌላ ነገር ወዲያው ማንበብ አይቻልም። በንያንም በ1678 ባወጣው የጉዞ ታሪኩ ላይ ዋናው ሰውዬ ሰማያዊቷ ከተማ ልትታየው ደርሳ የመጨረሻው ወንዝ ውስጥ ሊሰጥም ሲል ጓደኛው ነው አንገቱን ከውኃ በላይ የሚይዝለት። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ እዛ ላይ መፍራቱ ለኔ ቀደም ብሎ ከታሰረበት ከጥርጣሬ ምሽግ ታሪክ በላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚመጣብኝ ክርክር ግን አለ፣ እንደነዚህ አይነት መጽሐፎች አዲስ አማኝን ያናውጣሉ የሚል። ያሳሰባቸውን ነገር እረዳለሁ። ግን አዲስ አማኝ መጀመሪያ እንዲያነብ የምንሰጠው መዝሙረ ዳዊትን አይደል? መዝሙር 88ን (በሌላው አቆጣጠር 87) አንብቡት፣ ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ ብሎ ነው የሚያልቀው፣ የደስታ ቁጥር አልተጨመረበትም። ያን ጸሎት በመጽሐፉ ውስጥ ያስቀመጠ እምነት የኢቫንን ጥያቄ ይችለዋል ብዬ ነው የማስበው።

ከየት እንጀምር ለምትሉኝ፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሳይጠይቅ ምንም መጽሐፍ አትስጡት፣ ከጠየቀ የሌዊስን ትንሿን ስጡት። ካራማዞቭን የምትጀምሩ ደግሞ ረጅም ነው፣ ስሞቹም ግራ ያጋባሉ፣ ታገሱት። ኢቫን ላይ እንዳታቆሙ፣ ቀጥሎ ያለውን የዞሲማን ክፍል ጨርሱና ዶስቶየቭስኪ መልሱ አይበቃም ብሎ መስጋቱ ልክ ነበር ወይ የሚለውን ንገሩኝ። እኔ በቂ ነው ከሚሉት ነኝ፣ ግን መልሱን የማገኘው ከዞሲማ ትምህርት ይልቅ ከዛች እናት ጋር ነው፣ እሷ ደግሞ ኢቫን ገና አፉን ሳይከፍት ነው መጽሐፉ ውስጥ የገባችው።