ተቀበል ባዩ ማን ነው?

ሰሞኑን ሬዲዮ ስከፍት ከሚወራው ይልቅ የማይወራው ያስጨንቀኛል። ደሴ ውስጥ ቁርስ ቤት ብገባ ሬዲዮ አለ፣ ታክሲ ብሳፈር ሬዲዮ አለ። ሙዚቃ፣ ኳስ፣ የሽልማት ጥያቄ ሞልቷል። ዜናው ላይ ደግሞ አንድ ድርጅት ለአንድ ጉዳይ ድጋፍ አደረገ ይባላል። ትልቁን የካርቶን ቼክ ይዘው ከባለሥልጣን ጋር የተነሱት ፎቶ ማታ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። ድጋፉን አልጠላም። የተቸገረ ሰው ከተረዳ እሰየው ነው። ግን ድርጅት ሠራተኛ ሲያባርር፣ ውሃ ሲያበላሽ፣ ዋጋ ሲሰቅል በዚያው ጉጉት ሲዘገብ አልሰማም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ አንድ ወዳጄ ነው። ኮምቦልቻ አጠገብ፣ ቦርከና ዳር፣ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል። ባለፈው ልጠይቀው ሄጄ ወደ ቦዩ ወሰደኝ። ውሃው ላይ ነጭ አረፋ ተንሳፍፏል። ቦዩ ጥግ ላይ ሲደርስ አረፋው ይከማችና እንደገና ይበታተናል። ጎንበስ ስል ሽታው አፍንጫዬን ወጋኝ። አንድ የቲማቲም ቅጠል ቀጥፎ ሰጠኝ። ዳር ዳሩ በእሳት የተለበለበ ይመስላል፣ መሐሉ ግን አረንጓዴ ነው። «ወንድምዋ፣ ይችን እይልኝ። ላሞቹ እንኳ ቀርበው አሽትተው ይመለሳሉ» አለኝ። ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ አላለም። ይመርመርልኝ ነው ያለው።

ነገሩ የእሱ ብቻ ጭንቀት አይደለም። ኮምቦልቻ ውስጥ እንደ ወርካ ያሉ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ እንደሚገባባቸው ተመራማሪዎች ለክተው ጽፈዋል። ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችም አግኝተዋል። ውሃው ቦርከና ይገባል፣ ቦርከናም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ይህ ለሳይንስ መጽሔት ተጽፏል። ለቲማቲም አምራቹ ግን ማንም በሬዲዮ አልነገረውም።

ወዳጄ አንድ የቀጥታ ስርጭት ፕሮግራም ላይ ደወለ። ስልክ ያነሳችው ልጅ ስለምን እንደሚያወራ ጠየቀችው። ነገራት። «መስመር ላይ ይቆዩ» ተባለ። ቆየ፣ ቆየ፣ ተቋረጠ። በሌላ ቀንም ደወለ። ያው ነው። እሱ ኔትወርክ መሰለው።

የፕሮግራሙን ተባባሪ አዘጋጅ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፣ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ሻይ ጋብዣት ጠየቅኋት። ትንሽ ዝም አለችና «ጋሼ፣ እርስዎን አልዋሽም» አለችኝ። የአየር ሰዓቱን የምትገዛው ከጣቢያው ነው። ስፖንሰር አገኘችም አላገኘችም በየወሩ ትከፍላለች። ስፖንሰሯ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ከልክለውሽ ነው ወይ? አልኳት። «ኧረ ማንም አልከለከለኝም። ከስፖንሰሩ ደውለው ደኅንነቴን ጠየቁኝ። ከዚያ ‹ስለ ፋብሪካ ሊወራ ነው አሉ› አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።» ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ነበር።

እሷን ለመውቀስ አንደበት አጣሁ። ሁለት ልጆች በደመወዝ ታስተዳድራለች። ጎበዝ ናት፣ ድምጿም ሸጋ ነው። የታመመው አሠራሩ ነው። አንድ ሰው የፕሮግራሙን ኪራይ፣ የአዘጋጇን ደመወዝ፣ የእንግዳውን ሻይ ሳይቀር ከከፈለ፣ ማዘዝ አያስፈልገውም። ደኅንነት መጠየቅ ይበቃዋል።

እኛ የአዝማሪ ሀገር ሰዎች ነን፣ ከፍሎ ማስባል ብርቃችን አይደለም። አዝማሪ ቤት አንዱ ይነሳና «ተቀበል» ይላል። ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ይደግመዋል። ሰውየው ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ቤቱ ሙሉ ሰው ግን ተቀበል ያለውን ያያል። ሙገሳው ከማን ኪስ እንደወጣ ይታወቃል። ሌላው ሰውም ተነስቶ በራሱ ስንኝ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ሬዲዮው ላይ ተቀበል ባዩን አላየሁትም። ስንኙ በስልክ ተሰጥቶ፣ እኔ ጋ የሚደርሰው የአዘጋጇ የራሷ ሐሳብ መስሎ ነው።

ማስታወቂያ የሚባል ነገር ይጥፋ አልልም። ይህን የምለው ወሎዬ ስለሆንኩ ጭምር ነው። በ1965 እና በ1966 የወሎ ሰው በረሃብ ሲረግፍ የሀገራችን ጋዜጣና ሬዲዮ ዝም ብሎ ነበር። ያን ጊዜ የዝምታው ባለቤት ቤተ መንግሥቱ ነው። ጥቅምት 1966 ግን ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ከወሎ ያነሳውን ፊልም አይቲቪ በሚባለው ጣቢያ አሳየ። ዓለም የሰማው ያኔ ነው። አይቲቪ የሚተዳደረው በማስታወቂያ ገቢ ነበር! ይህ ለረጅም ጊዜ ይገርመኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ሕጋቸውን ሳነብ ነው። በፈረንጆች 1954 የወጣው የቴሌቪዥን ሕጋቸው ነጋዴ በፕሮግራሞች መካከል ያለውን የማስታወቂያ ደቂቃ እንዲገዛ ፈቀደ፣ ፕሮግራሙን ስፖንሰር ማድረግን ግን ከለከለ። ሳሙና ሻጩ የሳሙናውን ወሬ ያወራል፣ ስለ ወሎ ይታይ አይታይ የሚለው ውስጥ ግን እጁን አያስገባም። ገንዘቡና ወሬው መካከል የተዘጋ በር ነበረ።

ያው ፊልም በኋላ ምን እንደተደረገም አልረሳም። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደርግ በቴሌቪዥን አሳየው። ግን ከንጉሡ ግብዣና ድግስ ምስል ጋር እያጣመረ ነው ያሳየው። በማግስቱ ንጉሡ ከሥልጣን ወረዱ። የወገኖቻችን ሬሳ እውነት ነው፣ ድግሱም እውነት ነው። ቆርጦ የቀጠለው እጅ ግን የራሱ ጉዳይ ነበረው። ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ደርግ የአብዮት በዓሉን በሽር ጉድ ሲያከብር ወሎ ዳግመኛ እየተራበች ነበር። ያኔም ኮረምን ለዓለም ያሳየው ቢቢሲ ነው። ለዚህ ነው የመገናኛ ብዙኃን ነገር ለወሎ ሰው የቅንጦት ወሬ ያልሆነው።

በእኛም ሕግ በሩ በወረቀት አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከፕሮግራም ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። በ2011 የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሲወጣ ደግሞ የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ተነሳ። ደስ ብሎኝ ነበር። ግን የበዓል ፕሮግራም፣ የኮሜዲው፣ የኳሱ ሰዓት ሁሉ ምን ያህል በቢራ ገንዘብ ቆሞ እንደነበር ያየሁትም ያን ጊዜ ነው። ክፍተቱን ውርርድ ሞላው። በ2013 የሀገሪቱ ፕሪምየር ሊግ ራሱ የናይጄሪያውን አወራራጅ የቤትኪንግን ስም ይዞ ተጠራ። ደሴ ውስጥ ያስተማርኳቸው ልጆች የቤቲንግ ትኬታቸውን ይዘው ግድግዳ ሲደገፉ አይቻለሁ። የስፖርት አዘጋጁ ኦድ፣ ማለትም የውርርዱን የክፍያ ቁጥር፣ ሲያነብላቸው ሰምቻለሁ። ቤቱን የሸጠ አባት ታሪክ ግን እዚያ ፕሮግራም ላይ አይቀርብም።

አሜሪካም ቢሆን ከዚህ አልዳነችም። ዋሽንግተን ፖስትን የአማዞኑ ጄፍ ቤዞስ በፈረንጆች 2013 በ250 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በፈረንጆች 2024 ምርጫ ዋዜማ የጋዜጣው የርዕሰ አንቀጽ ክፍል ለካማላ ሃሪስ የድጋፍ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ነበር፣ ሳይወጣ ቀረ። ያኔ ከ200 ሺህ በላይ አንባቢዎች ደንበኝነታቸውን ሰረዙ። ሊሰርዙ የቻሉት ይከፍሉ ስለነበር ነው። እኛ የምንሰርዘው ነገር የለንም፣ የምንሰማው በነጻ ነውና።

ቅዳሜ ልጅቷን ድጋሚ አገኛታለሁ። ሁለት ነገር አስቤያለሁ። አንደኛው፣ ስለ አንድ ድርጅት ወይም ስለ ሥራው መስክ ሲወራ ስፖንሰር መሆኑ አስቀድሞ ለአድማጭ ይነገር። ይህ ገንዘብ አያስወጣም። ሁለተኛው፣ ከአየር ሰዓቱ አንዲቷን ሰዓት አድማጭ ይክፈላት። ጡረተኛ መምህራን አሉ፣ የሱቅ ባለቤቶች አሉ፣ ውጭ ሀገር ያሉ የደሴ ልጆች አሉ። በወር ትንሽ ትንሽ ብናዋጣ ያቺን ሰዓት የምንችል ይመስለኛል። ሂሳቡን ከእሷ ጋር ቁጭ ብዬ እሠራዋለሁ። ከተስማማች የመጀመሪያው እንግዳ ወዳጄ እንዲሆን እጠይቃታለሁ፣ ቅጠሉንና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዞ። የፋብሪካዎቹም ሰዎች ይጋበዙ። መልስ አላቸው ከሆነ እኔም መስማት እፈልጋለሁ።